በምርጫ ሰሞን የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችን ለምትጠይቁ ሕግ አውጪዎች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችን በምርጫ ይዘት ጉዳይ ለሚጠሩ የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ ለኩባንያዎቹ የሚቀርቡት ጥያቄዎች እንዲስተካከሉ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት የምክር ቤት አባላት፣

እኛ በፌስቡክ፣ በቲክቶክ፣ በዩቲዩብ፣ በኤክስና በቴሌግራም የሚወጣ የምርጫ ይዘት የምንመረምር፣ የምናጣራና የምንተረጉም ባለሙያዎች ነን። የምንሠራው በአማርኛና የኩባንያዎቹ ትኩረት እምብዛም በማይደርሳቸው ሌሎች ቋንቋዎች ነው። ምርጫ በቀረበ ቁጥር ኩባንያዎቹን ትጠራላችሁ፤ ካሜራ ፊት «ስንት ፖስት አነሣችሁ?» ትላላችሁ፤ «ብዙ ሚሊዮን» ይሏችኋል፤ ስብሰባው ይበተናል። የእኛ ቋንቋዎች በአዳራሹ አይነሡም፤ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰውም አይጠራም። ምርጫው አልፎ ሌላ ሲመጣ ያው ጥያቄና ያው መልስ ይደገማል። ቅሬታችን ከኩባንያዎቹ አልፎ እናንተንም ስለሚመለከት በግልጽ ጽፈነዋል።

ወንበሩ ላይ ስለሚቀመጠው ሰው

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2018 የ9 አገሮች ሕግ አውጪዎች ለንደን ላይ ተሰብስበው የፌስቡክን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጠሩ። አልመጣም፤ ስሙ የተጻፈበት ባዶ ወንበር ፎቶ ዓለምን ዞረ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024 የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ስለ ምርጫ ደኅንነት ሲጠይቅ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት መጡ፤ ኤክስ ተወካይ አልላከም። ባዶ ወንበር ዜና ይሆናል። ወንበሩ ሲሞላ ማን እንደተቀመጠበት ግን ብዙ አይወራም። ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ፌስቡክ፣ ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) እና ጉግል በሴኔቱ ፊት ያቆሟቸው ሰዎች ዋና የሕግ አማካሪዎቻቸው ነበሩ። ጠበቃ ምን መናገር እንደሌለበት ያውቃል። በአንድ ቋንቋ የማጣሪያው መነሻ ነጥብ (ማሽኑ አንድን ፖስት የሚያነሣበት ዝቅተኛ ነጥብ) ስንት ላይ እንደተቀመጠ፣ እሑድ ሌሊት ፈረቃ ላይ ስንት ሰው እንደነበረ፣ ከምርጫ ቦርድ የመጣ አስቸኳይ ጥቆማ በማን እጅ ስንት ሰዓት እንደቆየ ብትጠይቁት ግን «አጣርቼ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ይላል፤ በጽሑፍ የሚመጣው ደግሞ ከምርጫው በኋላ ነው። ይህን በቃሉ የሚያውቀው ሪፖርት የተደረጉ ፖስቶች የሚሰለፉበት ወረፋና የፈረቃ ኃላፊው ነው። እሱ ተጠርቶ አያውቅም።

ስለሚነገራችሁ ቁጥር

«ካነሣነው የጥላቻ ንግግር ከ90 በመቶ በላዩን ማንም ሪፖርት ሳያደርገው ራሳችን አግኝተነዋል» የሚል መልስ ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። የሚለካው ግን ከተነሣው ውስጥ ነው፤ ካለው ውስጥ አይደለም። ከያዝኳቸው ሌቦች ከ10ሩ 9ኙን ማንም ሳይጠቁመኝ ያዝኩ የሚል ዘበኛ፣ ስንቱ አጥር ዘሎ እንዳመለጠ አልነገራችሁም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ይፋ ያደረገቻቸው የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች ላይ የኩባንያው ሠራተኞች የራሳቸው ግምት ሰፍሯል፤ እርምጃ የሚወሰደው በጥላቻ ይዘት ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ለአመፅ በሚያነሣሣ ይዘት ላይ ደግሞ 0.6 በመቶ ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል የሚል። 90 በመቶውም 3 በመቶውም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። አካፋዩ ይለያያልና።

ሌላው ተወዳጅ ቁጥር የዕይታ ድርሻ ነው፣ ማለትም ከጠቅላላው ዕይታ ውስጥ ደንብ በሚጥስ ይዘት ላይ ያረፈው፤ «ከ10,000 ዕይታ 2 ብቻ» ይባላል። ይህ በሦስት ወር ውስጥ ከመላው ዓለም የተወሰደ አማካይ ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ሳምንት በአንድ ቋንቋ የተለቀቀ ጎርፍ በዓለም አማካይ ውስጥ ሲገባ ጠብታ ነው። ቁጥሩን በቋንቋና በሳምንት ከፋፍላችሁ እስካልጠየቃችሁ ድረስ የኛ ተጠቃሚዎች በዚያ አማካይ ውስጥ አይታዩም። ሀብቱም የሚመደበው ለሚታየው ነው፤ ከነዚሁ ሰነዶች እንደተዘገበው ሐሰተኛ መረጃን ለመለየት ከሚውለው የሥራ ጊዜ 87 በመቶው ለአሜሪካ የተመደበ ነበር። ኩባንያው ቁጥሩ ሙሉውን ሥዕል አያሳይም ብሎ ተከራክሯል፤ ሙሉው ሥዕል ግን አልወጣም።

ስለ ቋንቋ

እዚህ ላይ ዘርዘር እናደርጋለን፤ በአዳራሹ «ከ70 በላይ ቋንቋዎች እንቆጣጠራለን» የሚል ዓይነት መልስ ሲሰጥ ተከታይ ጥያቄ የማይቀርብበት ቦታ ይህ ነው።

«የሕዝብ ድምፅ» የሚለውን ሐረግ ውሰዱ። «ሕዝብ» በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ ወይም በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። «ድምፅ» በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ። አንባቢ ልዩነቱን ልብ ሳይል ያልፈዋል፤ ለኮምፒውተር ግን 3 በ2 ተባዝቶ 6 የተለያዩ ሐረጎች ናቸው። የቃላት ማጣሪያው ውስጥ የተመዘገበው አንዱ ብቻ ከሆነ አምስቱ እንደልባቸው ያልፋሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ወደ ማጣሪያው ከመግባቱ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ አንድ ደረጃ ማስገባት ነው። ቋንቋውን ለሚያውቅ ፕሮግራመር ረጅም ሥራ አይደለም። ይህ መደረግ አለመደረጉን በአዳራሽ ሲጠየቅ ግን ሰምተን አናውቅም። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ እያንዳንዱ ሰው እንደመሰለው ስለሚጽፈው አንድ ቃል አሥር መልክ ይኖረዋል፤ ማሽኑም ብዙ ጊዜ «ቋንቋው አልታወቀም» ወደሚል ሳጥን ይወረውረዋል። እዚያ ሳጥን ውስጥ የገባ ፖስት አማርኛ አንባቢ ጋ አይመጣም።

ከሆሄው ቀጥሎ ግሡ አለ። «እንድትመርጡ» እና «እንዳትመርጡ» የሚለያዩት ከድ ወደ ዳ በመሻገር ብቻ ነው፤ አንዱ ቅስቀሳ፣ አንዱ መራጭን ማገድ። «ምርጫው ተራዝሟል» ሐሰተኛ ወሬ ሲሆን፣ «ምርጫው አልተራዘመም» ማስተባበያው ነው። አሉታው ከፊትም ከኋላም በቃሉ ላይ ስለሚለጠፍ፣ በቂ ምሳሌ ያልተመገበ ሞዴል ሁለቱን መንታ አድርጎ ያያቸዋል፤ ወይ ሁለቱንም ያነሣል፣ ወይ ሁለቱንም ይተዋል። ማስተባበያው የሚነሣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ትርጉም ነው። «አረሙን ከሥሩ እንንቀል» የሚል ፖስት በምርጫ ሰሞን ስለ ማሳ ላያወራ ይችላል። የተያያዘው ፎቶ የአንድ ወገን ደጋፊዎች ሰልፍ ነው፤ ኮሜንቱ ውስጥ ቀንና ሰዓት ይጠቀሳል። በማሽን ተተርጉሞ አማርኛ የማያውቅ መርማሪ ፊት ሲቀርብ ግን ጽሑፉ ብቻውን ይመጣል፤ የግብርና ምክር ይመስላል፤ «ጥሰት የለውም» ተብሎ ይዘጋል። በሰምና ወርቅ ባደገ ቋንቋ ወርቁ የሚገኘው ፎቶው፣ ቀኑና ኮሜንቱ ውስጥ ነው። መርማሪው እነዚህን በአንድ ገጽ ላይ ካላያቸው አማርኛ ቢችልም ይሳሳታል።

«እንግዲያው ሰው ይቀጠር» ትሉ ይሆናል። ይቀጠር። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ምክንያቱ የወረፋው አሠራር ነው። ሪፖርት የተደረገ ፖስት በመጣበት ቅደም ተከተል አይታይም። ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በሦስት ነገር ነው፤ በጉዳቱ ክብደት፣ በሚዛመትበት ፍጥነትና ደንብ የመጣሱ ግምት። ይህን ሦስተኛውን ግምት የሚሰጠው ማሽኑ ራሱ ነው። ማሽኑ በአማርኛ ደካማ ከሆነ አደገኛውን ፖስት ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ፖስቱ ወረፋው ጭራ ላይ ይሰለፋል፤ የተቀጠረው ሰው የሚውለው በማስታወቂያና በተራ ስድብ ላይ ነው። ሌላም ትንሽ የሚመስል ነገር አለ፤ ሪፖርት ማድረጊያው ገጽ በተጠቃሚው ቋንቋ ካልሆነ ወይም ትርጉሙ ግራ የሚያጋባ ከሆነ፣ ተጠቃሚው «የምርጫ ሐሰተኛ መረጃ» ሊል ሲፈልግ «አልወደድኩትም» ወይም «አይፈለጌ መልእክት» የሚለውን ይነካል። እነዚህ ሌላ ወረፋ ናቸው፤ አስቸኳይም አይደሉም።

ሕግ ይህን ማስወጣት እንደሚችል የአውሮፓ ኅብረት አሳይቷል። የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጉ በኅብረቱ ውስጥ ከ45 ሚሊዮን በላይ ወርኃዊ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች የይዘት መርማሪዎቻቸውን ቁጥር በየቋንቋው እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ የጣሰ እስከ ዓለም አቀፍ ገቢው 6 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። በዚህ መሠረት በ2023 መጨረሻ የወጣው የኤክስ ሪፖርት 2,294 መርማሪዎችን ሲዘረዝር፣ ለፖላንድ ቋንቋ አንድ ሰው፣ ለሆላንድ ቋንቋም አንድ ሰው ብቻ አስመዝግቦ ነበር። ፖላንድ ኦክቶበር 15 ቀን መርጣለች፤ ሆላንድ ኖቬምበር 22 ቀን ትመርጥ ነበር። ሕጉ ችግሩን አልፈታውም፤ ቢያንስ ግን አሳፋሪውን ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሯል። ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ፣ ለሶማሊኛ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የሚያስገድድ የለም።

ስለ ሰዓት

የምርጫ ውሸት ዕድሜው አጭር ነው። «የድምፅ መስጫው ቀን ተለውጧል» የሚል ፖስት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወጥቶ ማታ ቢነሣ፣ በኩባንያው ሪፖርት ላይ «የተነሣ» ተብሎ ይቆጠራል፤ መራጩ ግን ቤቱ ውሏል። ስለዚህ የመነሣት ቁጥር ብቻውን ለምርጫ ምንም አይለካም። የሚለካው ሁለት ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ሪፖርት እስከ ውሳኔ ያለፈው ጊዜ፣ እና እስኪነሣ ድረስ ያየው ሰው ብዛት። ሁለቱም በየፖስቱ በኩባንያዎቹ ሥርዓት ውስጥ ተመዝግበው ይቀመጣሉ። ቆጠራ አያስፈልጋቸውም።

በስሎቫኪያ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ከተደረገው ምርጫ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ቅስቀሳ በሚከለከልበት የዝምታ ጊዜ ውስጥ፣ የአንድ ፓርቲ መሪና የአንዲት ጋዜጠኛ ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመስሎ ስለ ምርጫ ማጭበርበር ሲያወሩ የሚያሰማ ቅጂ ተለቀቀ። ፖለቲከኛው እንዳይመልስ የዝምታው ሕግ እጁን ይይዘዋል። የፌስቡክ የተቀነባበረ ሚዲያ ደንብ በዚያን ጊዜ ቪዲዮን እንጂ ኦዲዮን አይሸፍንም ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ የኩባንያው የራሱ ቁጥጥር ቦርድ ደንቡ የተምታታ እንደሆነ ገልጾ እንዲከለስ እስኪመክር ድረስ።

ኮፒ ደግሞ አለ። አንድ ምስል ሲነሣ የዲጂታል አሻራው ተወስዶ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ተመሳሳዩ ሲመጣ ሰው ሳያየው ይወድቃል። ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሚከሽፍባቸው መንገዶች ግን የታወቁ ናቸው። ምስሉ ጠርዙ ይቆረጣል፤ ላዩ ላይ ስቲከር ይለጠፍበታል፤ ቪዲዮው ከሌላ ስልክ ስክሪን ላይ በካሜራ ይቀረጻል፤ ኦዲዮው በትንሹ ይፈጥናል። ከሁሉ የሚብሰው መድረክ መሻገሩ ነው፤ ከቴሌግራም ቻናል ስክሪንሾት ተደርጎ ፌስቡክ ግሩፕ ይገባል፤ እዚያ ሲነሣ ቲክቶክ ላይ በሰው ድምፅ ይነበባል። በአንዱ ኩባንያ ቋት ያለው የምርጫ ይዘት አሻራ ለሌላው በአብዛኛው አይደርስም። በፌብሩዋሪ 2024 ሙኒክ ላይ 20 ኩባንያዎች በምርጫ ላይ የሚሠራ አታላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ይዘትን አብረን እንከላከላለን ብለው ፈርመዋል፤ ፊርማው በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው፤ ባይፈጸም ተጠያቂ የለም።

ቋንቋ የማይጠይቅ መፍትሔ መኖሩንም እወቁልን። ዋትስአፕ በ2020 ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ገድቧል። ይዘቱን ማንም አላነበበም፣ ማንም አልታገደም፤ ፍጥነቱ ብቻ ተቀነሰ። በድምፅ መስጫ ሳምንት ሼር ማድረግን በአንድ እርምጃ ማዘግየት ለአማርኛም ለእንግሊዝኛም እኩል ይሠራል። እኛ ከሁሉ አስቀድመን የምንመርጠው ይህን ነው፤ ማስታወቂያ ሻጮች ስለማይወዱት ግን በራሱ አይመጣም።

ይህን ሁሉ ከውጭ ሆኖ መከታተል ደግሞ ከብዷል። ፖስት በየገጹ እንዴት እንደሚዛመት የሚያሳየው ክራውድታንግል የተባለ መሣሪያ ኦገስት 14 ቀን 2024 በሜታ ተዘጋ፤ ለአሜሪካ ምርጫ ሦስት ወር እንኳ አልቀረም ነበር። የተተካው ቤተ መረጃ ማመልከቻ አስገብተው ለተፈቀደላቸው ተመራማሪዎች ነው፤ የዜና ክፍሎች በአብዛኛው ውጪ ቀርተዋል። ትዊተር በ2023 ፖስቶችን በብዛት ለመውሰድ የሚያስችለውን ነፃ የመረጃ መስመሩን ዘግቶ ዋጋ ለጠፈበት። አጣሪው አሁን በእጁ ስክሪንሾት እያነሣ በሰንጠረዥ ይመዘግባል። የስርጭቱን መነሻ ገጽ ለማግኘት ደቂቃዎች ይወስድ የነበረው ሥራ ቀን ይፈጃል።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ያለው ክፍተትም አለ። ተጨማሪ ፈረቃና ልዩ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በድምፅ መስጫው ማግስት ነው፤ ትልቁ አደጋ ግን በድምፅና በውጤት መካከል ነው። ፌስቡክ ከኖቬምበር 2020 የአሜሪካ ምርጫ በኋላ በምርጫ ጉዳይ ላይ የሚሠራውን የሲቪክ ታማኝነት ቡድኑን በዲሴምበር በተነ፤ የካፒቶሉ (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ጥቃት በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሆነ። በብራዚል ሁለተኛው ዙር ኦክቶበር 30 ቀን 2022 ተጠናቆ የመንግሥት ሕንፃዎች የተጠቁት ጃንዋሪ 8 ቀን 2023 ነው፤ 70 ቀን ቆይቶ። የቁጥጥር ዘመቻው የሚያበቃበትን ቀን ስትጠይቁ ይህን 70 አስቡት።

በስሕተት ስለሚነሣው

የምርጫ ወቅት ስሕተት ሁለት ፊት አለው። ኩባንያ «ጥንቃቄ ጨምረናል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ማለቱ የማሽኑን መነሻ ነጥብ ዝቅ አድርገናል ነው። ለምሳሌ ማሽኑ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ሲሰጥ፣ በአዘቦት ቀን 0.95 የደረሰውን ብቻ ያነሣ የነበረው በምርጫ ሰሞን 0.80 የደረሰውንም ያነሣል። በደንብ በሠለጠነበት ቋንቋ ትርፉ ይበልጣል። ባልሠለጠነበት ቋንቋ ግን ጋዜጠኛው፣ ታዛቢው፣ የጥላቻ ንግግርን ለመተቸት ጠቅሶ የጻፈው ሰው አብረው ይጠረጋሉ። ተቃዋሚ ወገን በዘመቻ ሪፖርት ሲያደርግባቸው ደግሞ ይባሳል፤ አካውንቱ ለ7 ወይም ለ30 ቀን ይታገዳል፤ ይግባኙ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ታይቶ «ስሕተት ነበር፣ ይቅርታ» የሚል መልእክት ይመጣል። በስታቲስቲክሱ ላይ ይህ «የተስተካከለ ስሕተት» ነው። ለዕጩው ወይም ለዜና ገጹ ምርጫው አልፎበታል።

ስለ እናንተ

ይህን ክፍል ብንዘለው ይቀለን ነበር።

ፌስቡክ ፖለቲከኞች የሚናገሩት በሦስተኛ ወገን አጣሪዎች እንደማይመረመር በ2019 አስታውቋል። ክሮስቼክ በተባለው አሠራሩ ደግሞ የታወቁ ሰዎችና የባለሥልጣናት አካውንቶች ፖስት ወዲያው እንዳይነሣ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግለታል፤ በ2020 እንዲህ የተጠበቁት ተጠቃሚዎች 5.8 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። የኩባንያው ቁጥጥር ቦርድ በዲሴምበር 2022 እንዳስታወቀው ውሳኔው በአማካይ ከአምስት ቀን በላይ ይወስድ ነበር፤ ይዘቱም እስከዚያ ይታያል። ከላይ ስለ ሰዓት ያልነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በምርጫ ሰሞን ብዙ ሕዝብ የሚያየውን ውሸት የሚለቅ ሰው ብዙ ጊዜ ተከታይ ያለው ሰው ነው፤ ከነዚህም ውስጥ ዕጩዎች አሉ። ስለዚህ ልዩ መብት ኩባንያዎቹን አጥብቃችሁ ስትጠይቁ አላየንም።

የምታወጧቸው ሕጎች ላይም ቅሬታ አለን። የጀርመን የ2017 ሕግ በግልጽ ሕገ ወጥ የሆነ ይዘት በ24 ሰዓት እንዲነሣ አዝዞ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተቀድቷል። ያለአግባብ ለሚነሣው ግን ቅጣት አልነበረውም። ሳያነሣ ቢቀር የሚቀጣ፣ አላግባብ ቢያነሣ የማይቀጣ ኩባንያ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። የብራዚል የምርጫ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2022 ጊዜውን ወደ 2 ሰዓት ሲያወርደው፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ጀምሮ ነበር፤ ፖስቱ እስከዚያ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ የሚቆጥር አካል በሕጉ ውስጥ መኖር ነበረበት።

በስልክና በኢሜይል የሚደረገው ጥሪም አለ፤ «ይህቺን ፖስት እዩልኝ» የሚለው። ጠያቂው ራሱ ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ትክክል ቢሆን እንኳ በምስጢር ከተደረገ፣ ትክክለኛ ውሳኔዎችን ሁሉ አብሮ ያስጠረጥራል። ኢንተርኔት መዝጋትን ደግሞ የይዘት ቁጥጥር ብላችሁ አትጥሩት። መስመሩ ሲዘጋ በመጀመሪያ የሚቆመው ማጣራቱ ነው፤ ወሬው በአፍና በስልክ ይቀጥላል፤ የምርጫ አስፈጻሚው ማስተባበያ ግን የሚተላለፍበት መንገድ ያጣል።

ስለ ሠራተኛው ባጭሩ

አብዛኛው የቋንቋ መርማሪ የኩባንያው ሠራተኛ አይደለም፤ በንዑስ ተቋራጭ የተቀጠረ ነው። ለአንድ ፖስት የሚሰጠው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠርበት ቦታ አለ፤ በሰዓት የሚጠበቅበት ቁጥር አለው፤ ምስጢር የመጠበቅ ውል ፈርሟል። ያየውን ለእናንተ ቢናገር ሊከሰስ እንደሚችል ያምናል። ማስረጃው ያለው በእሱ እጅ ስለሆነ፣ ኩባንያዎቹን በምትጠይቁበት አዳራሽ ውስጥ የጎደለው እሱ ነው።

የምንጠይቀው

1. በሚቀጥለው ጥሪ ከጠበቃው ጎን የወረፋ፣ የፈረቃና የማሽን ነጥብ ኃላፊዎች በስም ይጠሩ። ሰነዶቹ ከስብሰባው 14 ቀን ቀድመው ይቅረቡ፤ በዕለቱ የሚመጣ ሰነድ ማንም አያነበውም።

2. ከምርጫው 90 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 70 ቀን በኋላ ድረስ በየሳምንቱና በየቋንቋው የሚሞላ አንድ ሰንጠረዥ ይጠየቅ። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ወይም አቀላጥፎ የሚናገር መርማሪ በየፈረቃው ስንት እንደሆነ፣ ከመጀመሪያ ሪፖርት እስከ ውሳኔ ያለው መካከለኛ ጊዜ፣ ከሁሉም የዘገየው 10 በመቶ የወሰደው ጊዜ፣ እስኪነሣ ያየው ሰው ብዛት፣ በይግባኝ የተመለሰው ቁጥርና የተመለሰበት ቀን ይኑርበት። አማካይ ብቻ ከሆነ አትቀበሉት፤ የዘገየውን ይደብቃል።

3. ለእያንዳንዱ ቋንቋ ነፃ ባለሙያዎች የሚያዘጋጁት የታሸገ ፈተና ይኑር፤ ለመነሻ 200 ፖስቶች ይበቃሉ። ግማሹ ደንብ የሚጥስ፣ ግማሹ ንጹሕ፤ ከንጹሑ ውስጥ ማስተባበያዎች፣ ጥቅሶችና ቀልዶች ይግቡበት። ሆሄያቱም ይቀያየሩ። ማሽኑ ስንቱን እንደያዘና ስንቱን ንጹሕ እንደወነጀለ ውጤቱ በይፋ ይውጣ። ፈተናው ከምርጫው 60 ቀን በፊት ካልተሰጠ ለማስተካከያ ጊዜ አይኖርም።

4. በምርጫ ወቅት የተለወጠ እያንዳንዱ መነሻ ነጥብና የፍጥነት ገደብ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በማን ውሳኔ እንደተለወጠና መቼ እንደተመለሰ መዝገብ ይያዝ።

5. በሕዝብ ፊት የወጣ ፖስት ስርጭት መረጃ ለአጣሪዎችና ለዜና ክፍሎች ይከፈት፤ ፈቃዱ በምርጫ ሰሞን የሚነጠቅ አይሁን።

6. ከምክር ቤት አባል፣ ከፓርቲ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ለኩባንያ የሚቀርብ ማንኛውም የማንሣት ጥያቄ በ72 ሰዓት ውስጥ ይፋ ይደረግ። የእናንተ የራሳችሁ አካውንቶች ልዩ ጥበቃ በምርጫ ወቅት ይነሣ፤ ቢያንስ አካውንታችሁ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ ይገለጽ።

7. ሕጋችሁ ለሁለቱም ስሕተት ይጠይቅ፤ ላልተነሣውም አላግባብ ለተነሣውም። በምርጫ ወቅት በዕጩ፣ በዜና ገጽና በምርጫ አስፈጻሚ አካውንት ላይ የተወሰደ እርምጃ ይግባኝ በ24 ሰዓት በሰው ይታይ። ሐሰተኛ ሆኖ የተነሣን ፖስት ላዩ ሰዎች ማስተባበያው በዚያው ቋንቋ ይላክላቸው።

8. በምክር ቤት ፊት የሚሰጥ ምስክርነት ከምስጢር ውል ነፃ እንደሆነ በሕግ ይደንገግ። ይህ እስኪሆን ድረስ በዝግ ስብሰባ ለመመስከር ፈቃደኞች ነን፤ ስንጠራ የሆሄ ናሙናውን፣ የተሳሳቱ ትርጉሞችን ዝርዝርና የፈተና ረቂቁን ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የምርጫ ይዘት መርማሪዎች፣ መረጃ አጣሪዎችና የቋንቋ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የይዘት ደንብ ክፍሎች
ለምርጫ አስፈጻሚ አካላት
ለይዘት መርማሪ ቀጣሪ ንዑስ ተቋራጮች